«አለሁ» ባዩ ኦቦ ድሪባ

ኦቦ ድሪባ መሞታቸውን የነገረችኝ ዘምዘም ናት። ዘምዘም አምቦ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ፣ በየሳምንቱ ባኮ ድረስ እየወረደች የምትነግድ ጎረቤቴ ነበረች። ያን ቀን ከአውቶቡስ እንደወረደች ጓዟን እንኳ ቤቷ ሳታስገባ እኔ ዘንድ መጣች።

«አስቴር፣ ያ ሰውዬሽ አረፈ» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ባኮ የገባው። አለሁ ባዩ።»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ቀስ ብዬ ዞሬ በሩን አየሁት። አንድ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ መሰለኝ። ዘምዘምም ዓይኔን ተከትላ በሩን አየች፤ ምን እንደፈራሁ ግን አልጠየቀችኝም። ይህን ፍርሃት በአምቦ ከተማ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ እኚህ ሰው ብዙ ይወራል። ጠንቋይ ነበሩ የሚል አለ፤ መንፈስ የተጠጋቸው ናቸው የሚል አለ፤ በሰው ሐዘን የሚቀልዱ እብድ ነበሩ የሚልም አልጠፋም። እኔ የማወራው ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር፣ እንደ እኩዮቼ ሁሉ በሥራ ፈላጊነት ተመዘገብኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ቀጣሪው መንግሥት ነው፤ ካልተመዘገቡ ደግሞ የሚቀጥር የለም። የምዝገባው ቢሮ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ ግቢ ነበረው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት እዚያ እንሰበሰባለን። የቢሮው ኃላፊ ጓድ መንገሻ በረንዳው ላይ ይወጡና ስማችንን አንድ በአንድ ይጠራሉ። ስሙ የተጠራ «አለሁ!» ይላል። ገና ሥራ አላገኘሁም፣ እየጠበቅሁ ነው ማለቱ ነው። ሁለት ሦስት ሰኞ ተጠርቶ ያልመለሰ ግን «ሥራ አግኝቷል» ተብሎ ይሰረዛል።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ሥር ይህች ነበረች። ዝም ያለ ሁሉ ሥራ እንዳገኘ ይቆጠራል። ታሞ የተኛው፣ ተስፋ ቆርጦ ገጠር ወላጆቹ ዘንድ የተመለሰው፣ ጫማው አልቆ ከቤት መውጣት ያፈረው፣ ታፍሶ ጦር ግንባር የተላከው፣ ሁሉም ሥራ አግኝቷል። በየስብሰባው «በአውራጃችን የሥራ አጡ ቁጥር እያሽቆለቆለ ነው» ይባላል። ሬዲዮውም ያንኑ ይደግመዋል። እኛም እናጨበጭባለን። አጨብጭበን ስንወጣ እርስ በርሳችን እንተያያለን። ሥራ ያገኘ ሰው የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም የለም።

ይህ ሰውን እንዴት እንደሚሰብር ላልደረሰበት ማስረዳት ይከብዳል። ሥራ ጠፍቶ ሥራ ማጣት አንድ ነገር ነው፤ የሁሉም ችግር ነው ብሎ ሰው ይጽናናል። ሥራ ሞልቷል እየተባለ ማጣት ግን ሰውን ራሱን ያስጠረጥረዋል። እናቴ ሬዲዮውን ሰምታ ቀና ብላ ታየኛለች። ምንም አትልም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ድሪባን ያወቅኋቸው በዚያ ግቢ ነው። አርባውን የተሻገሩ፣ ረዥም፣ ትከሻቸው እንደ በር የሰፋ ሰው ነበሩ። የትናንት ተማሪዎች በሞላንበት ግቢ ሁልጊዜ አጥሩን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስም ሲጠራ ያዳምጣሉ። ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። ሲያወሩ ደግሞ ጉሮሯቸውን በሁለት ጣታቸው ያዝ ያደርጋሉ፤ አንድ ነገር አምልጦ እንዳይወጣ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

አንድ ሰኞ ጫልቱ የምትባል ጓደኛዬ ታማ ቀረች። ጓድ መንገሻ «ጫልቱ ደበላ!» ብለው ሲጠሩ ታማለች ልል አፌን ስከፍት፣ «አለሁ!» የሚል የጫልቱ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። ያ ቀጭን፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል ድምፅዋ ራሱ ነው። ተሽሏት መጣች ብዬ ደስ ብሎኝ ዞርኩ። ጫልቱ የለችም። ኦቦ ድሪባ ብቻ ጉሮሯቸውን በሁለት ጣት ይዘው ቆመዋል።

«እርስዎ ነዎት?» አልኳቸው።

«ዝም በይ ልጄ፤ ገና እየተጠራ ነው» አሉኝ በራሳቸው ወፍራም ድምፅ።

ጥሪው ሲያበቃ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ እስክንሻገር ከጎናቸው ሄድኩ። ከየት እንደመጡ ጠየቅኋቸው።

«ጭልሞ ደን ውስጥ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ጋር ነው የኖርኩት» አሉኝ። «ዛፍ ቆራጭ ነበርኩ። ዝግባ ሊወድቅ ሲል ይጮኻል። ያን ጊዜ ካቦው መጋዙን አስቁሞ የሁላችንንም ስም ይጠራል። እኛም ‹ናን ጅራ› እንላለን፤ አለሁ ማለት ነው። ሁሉም ከመለሰ በኋላ ነው መጋዙ ለመጨረሻ የሚሳበው። ገለታ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ንዳድ ያዘውና ሳንየው ቁጥቋጦ ሥር ተኛ። ካቦው ጠራው። ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም። ‹ወደ ቤቱ ሄዷል ማለት ነው› አለና መጋዙ ተሳበ።»

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆም ብለው ውሃውን አዩ።

«ዝም ያለ ሁሉ ሄዷል ማለት አይደለም» አሉ። ይህቺን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከአፋቸው ሰምቻታለሁ።

«ከዚያስ?»

«በማግሥቱ ገና ሳንቀብረው፣ ካቦው ልምድ ሆኖበት ስሙን ጠራ። ‹ገለታ!› ሲል ‹ናን ጅራ!› የሚል መልስ መጣ። የገለታ ድምፅ ነው። ሰዉ መጋዙን እየጣለ ሸሸ። እኔም ልሸሽ ነበር፤ ግን ከማን ልሽሽ? የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ማታውኑ ቀበርነው፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሰው ካረፈ አይመልስም። ሠራተኞቹ ግን ከዚህ ሰው ጋር ደን አንገባም ብለው አስወጡኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አልገባም።»

አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ወሬ ለመለወጥ ያህል፣ «የእርስዎ ስም ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔማ ሥራ አግኝቻለሁ!»

«የት?»

«እሱን ቢሮው ነው የሚያውቀው። ክረምት ላይ ታምሜ ቀረሁ። ስመለስ ‹አንተ ተቀጥረሃል› አሉኝ። ‹እሺ፣ የት እንደተቀጠርኩ ንገሩኝና ልሂድ› ብላቸው አሾፍክ ብለው በዘበኛ አስወጡኝ።»

እንዲህ ያሉኝ ሰው ገበያ ላይ ጆንያ ተሸክመው፣ ለሰው እንጨት ፈልጠው ነው የሚያድሩት። አሁንም ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ። የሚመጡት ለራሳቸው እንዳልሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አንድ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲጋመስ ልቤ ዛለ። «አስቴር ገመቹ!» ሲባል የሌላ ሰው ስም ይመስለኝ ጀመር፤ «አለሁ» ስል የምዋሽ ይመስለኛል። አንድ ሰኞ ከአልጋዬ ሳልነሳ ቀረሁ። በሚቀጥለውም ቀረሁ። በሦስተኛው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጫልቱ እየሮጠች መጣች።

«ዛሬ ምነው ሸሸሽኝ? ከኋላ ቆመሽ ‹አለሁ› ስትዪ ሰምቼ ብዞር የለሽም!»

«እኔ ከቤት አልወጣሁም።»

«እንዴ! ድምፅሽን አላውቀውም?»

እናቴ ሽሮ ስታማስል እጇ ቆመ። ቀኑን ሙሉ ከፊቷ ተኝቼ ውያለሁ።

ነገሩን ለማጣራት በሚቀጥለው ሰኞ በጊዜ ግቢው ደረስኩ። ኦቦ ድሪባ አጥሩ ጋር ነበሩ። «ለእኔ እየመለሱ ነው አሉ። እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው፤ ቅር ማለቴን ግን ከድምፄ አልደበቅሁም።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «መቼ?»

«ባለፈው ሰኞ።»

«ባለፈው ሰኞ ጊንጪ ነበርኩ፤ እህቴ ወልዳ። ዛሬ ጠዋት መግባቴ ነው።»

ተያየን። እኚህ ሰው ሲዋሹ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ዋሽተውኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ዝቅ ብለው ፊቴን አዩና፣ «እንግዲያው እዚህ የቀረሽው አንቺ ነሽ፤ ቤት የተኛችውን ሂጂና አምጫት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰኞ አልቀረሁም። ያመጣኝ ተስፋ አልነበረም፤ እኔ ሳልኖር ድምፄ ብቻውን እዚያ ግቢ ውስጥ እንዳይቆም ፈርቼ ነው።

አዴ በሊሉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው፤ «አዴ» እናት እንደማለት ነው። አንድ ልጃቸው ታምሩ ከእኔ አንድ ክፍል የሚቀድም፣ እንደኛው የተመዘገበ ልጅ ነበር። ጉደር ገበያ ወርዶ ሳለ ታፈሰና ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ግቢው ውስጥ ግን ጓድ መንገሻ «ታምሩ በንቲ!» ባሉ ቁጥር «አለሁ!» የሚል መልስ ይመጣል። እኛ ለምደነው ነበር። ወሬው እናትየው ጆሮ ሲደርስ ግን «ልጅሽ ሰኞ ሰኞ ይመጣል» ሆኖ ደረሰ።

አዴ በሊሉ ቅርጫታቸውን ሜዳ ላይ ጥለው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ስሙ ተጠራ። «አለሁ!» አለ።

«ኢልማ ኮ! ልጄ!»

ዘበኛውን ገፍተው ገቡ። የየወንዱን አገጭ ቀና እያደረጉ ፊት ለፊት ያያሉ። ጓድ መንገሻ «እኚህን ሴትዮ አስወጡ!» ይላሉ፤ የሚነካቸው ጠፋ። ማንም ምንም ሳይናገር ሁላችንም ወደ አጥሩ ጥግ አየን። አዴ በሊሉም ወደዚያው ሄዱ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አዴ።»

ፊታቸውን ሊቧጭሯቸው ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን፣ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ መዳፋቸውን ኦቦ ድሪባ ጉሮሮ ላይ አደረጉ።

«ልጄን የት አየኸው?»

«አይቼው አላውቅም።»

«ታዲያ ድምፁን ከየት አመጣኸው?»

«እኔ አላመጣሁትም አዴ። ሲጠሩት መጣ።»

አዴ በሊሉ እጃቸውን ሳያነሱ ቀስ ብለው፣ ጓዳ ውስጥ ያለ ልጅ እንደሚጣራ ሰው፣ «ታሜ!» አሉ።

ኦቦ ድሪባ ፊታቸውን ሊያዞሩ ታገሉ። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ድምፁ ግን በጣቶቻቸው መካከል ወጣ፤ «አዮ... ናን ጅራ።» እማዬ፣ አለሁ።

ታምሩ እናቱን «አዮ» እያለ እንደሚጠራ ኦቦ ድሪባ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።  አዴ በሊሉ ግን አላለቀሱም። ወደኛ ዞር ብለው፣ «ልጄን በርዶታል» አሉ። «ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አልሰማችሁትም? ብርድ ላይ ነው ያለው።»

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ እሳቸውም ይመጡ ጀመር። አጥሩ ጋር ከኦቦ ድሪባ ጎን ይቆማሉ፤ የልጃቸውን «አለሁ» ሰምተው ወደ ሽንኩርታቸው ይመለሳሉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ሌሎችም እናቶች መምጣት ጀመሩ። ኦቦ ድሪባን የሚፈሯቸውም የሚለምኗቸውም እነሱው ናቸው፤ መንገድ ሲያገኟቸው ይሸሻሉ፣ ሰኞ ሲሆን ደግሞ ከአጥሩ ሥር ይኮለኮላሉ።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ይመስለኛል፣ ነፋስ ያለበት ጠዋት ነበር። ጓድ መንገሻ «ታምሩ በንቲ!» አሉ።

ኦቦ ድሪባ ጉሮሯቸውን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

«ታምሩ በንቲ!»

የአጥሩ ቆርቆሮ በነፋሱ ሲንጓጓ ብቻ ይሰማል። ኦቦ ድሪባ እንደገና ሞከሩ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አዴ በሊሉ ያዩአቸዋል። እሳቸውም አዴን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥራ አግኝቷል» አሉ ጓድ መንገሻ፤ ሌላ ሰኞ እንኳ ሳይጠብቁ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

አዴ በሊሉ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ዘቅዝቀው ለበሱ። በዚያው ቤታቸው ገብተው ለቅሶ ተቀመጡ። ምን ይዘሽ ነው፣ ማን ነግሮሽ ነው የሚላቸው ቢበዛም አልሰሙም። ወራት አልፈው አንድ እግሩን ያጣ የታምሩ ጓደኛ በምርኩዝ ከሰሜን ሲመለስ ነው ነገሩ የታወቀው። ታምሩ ተራራ ላይ፣ ብርድ ላይ ነበር። በየትኛው ቀን እንደሞተ ጓደኛው በትክክል አያውቅም፤ ዝናብ የጀመረበት ሰሞን ነው አለ። አዴ በሊሉም አልጠየቁት።

እንግዲህ ጓድ መንገሻ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበላይ የሚጠየቁት ቁጥሩ እንዲወርድ ነው። የጎረቤት አውራጃ ወርዶ የእሳቸው አልወርድ ሲል ምክንያቱን ያጡታል? ጥሪው ቀረና ሁሉም በየራሱ መታወቂያውን ይዞ መስኮት ላይ እንዲቀርብ ታዘዘ። ግቢው በአንድ ጊዜ ጭር አለ። በአካል ያልቀረበ ሁሉ ሥራ አገኘ ተባለ። ኦቦ ድሪባ ግን ሰኞ ሰኞ መጥተው ባዶው ግቢ አጥር ጋር ይቆሙ ነበር። «ምን ይሠራሉ?» ብላቸው፣ «እየሰማሁ ነዋ» አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከየቀበሌው ሰው በግድ ገብቷል፤ መቀመጫ ያጣው በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል። እናቴና እኔ መሀል ላይ ነበርን። አዴ በሊሉ ጥቁር ለብሰው ከፊታችን ተቀምጠዋል። ኦቦ ድሪባ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ጓድ መንገሻ መድረኩ ላይ ወጥተው ቢሯቸው የሠራውን ሥራ ተናገሩ፤ ቁጥሩ ከምን ወደ ምን እንደወረደ አስረዱ። ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ስላሞቃቸው ከተጻፈው ወጣ ብለው፣ «ዛሬ በከተማችን ሥራ ያጣ ሰው ካለ እስቲ ድምፁን ያሰማ!» አሉ።

አዳራሹ ዝም አለ። እንዲህ ሲባል መልስ እንደማይፈለግ ሁሉም ያውቃል።

ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ «አለሁ!» አለ። የወጣት ድምፅ ነው። ከኋላ ያለች ሴት «ዋቃዮ! አምላኬ! ልጄ!» ብላ ጮኸች። ልጇ ለመንግሥት እርሻ የጥጥ ለቀማ አዋሽ ከወረደ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ወዲያው የሴት ልጅ ድምፅ ቀጠለ፤ «አለሁ!» ከዚያ ጎርነን ያለ፣ ከዚያ የሚንተባተብ፣ ከዚያ እንደ ልጅ የቀጠነ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነሳል። ሰዉ በየአቅጣጫው እየዞረ የልጁን ፊት ይፈልጋል። እናቶች ወንበር ላይ ወጥተው ይጣራሉ፣ በጠሩ ቁጥር ይመለስላቸዋል። እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ እኔ እኔን ታያለች፤ አፌን ታያለች። አዴ በሊሉ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሚጠብቁት እንደማይመጣ እያወቁ ያዳምጣሉ።

ኦቦ ድሪባን አየኋቸው። እጃቸውን ወደ ጎን ጥለው፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ጉሮሯቸውን ሳይዙ ቆመዋል። ላብ ያጠምቃቸዋል። ሊያቆሙት የሚችሉ አይመስሉም።

የመጨረሻው ድምፅ እየሳቀ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። «አለሁ፣ ጋሼ!» አለ።

መድረኩ ላይ ጓድ መንገሻ የያዙት ወረቀት ከእጃቸው ወደቀ። በኋላ እንደሰማነው አሳድገው ያስተማሩት ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ሳይመለስ የቀረ። ወንድማቸውንም እንደሌላው ሁሉ በገዛ እጃቸው ነው የሰረዙት። ሰውየው የአዳራሹን ሰው ሁሉ ረስተው፣ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ረስተው፣ «የት ነህ?» አሉ። ያ ድምፃቸው በአዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

መልስ አልመጣም። አብዮት ጠባቂዎች ኦቦ ድሪባን ይዘዋቸው ወጥተው ነበር።

ቀበሌው አሰራቸው። ስብሰባ በመበጥበጥ፣ አሉባልታ በመንዛት ተባለ። ምን እንዳደረጓቸው አላየሁም፤ ሲፈቱ ግን አንገታቸው ላይ ጠባሳ ነበር፣ ከሹክሹክታ በላይም መናገር አይችሉም። በታሰሩበት ጊዜ ሁሉ ስንቅ ያመላለሱላቸው አዴ በሊሉ ናቸው። ሲፈቱም በሩ ላይ ጠብቀው፣ «ወንድሜ ባኮ መሬት አለው፤ አራሽ የለውም። ና እንሂድ» አሏቸው። ሁለቱም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ የመሩት ጓድ መንገሻም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ቁጥሩ ግን የተባለው ቁጥር ሆኖ ቀረ።

እኔ ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ከእኩዮቼ ብዙዎቹ ተሰርዘው ስለነበር ተራው ለእኔ ደረሰ። ጫልቱ መስኮት ላይ መቅረብ ትታ ነበር፤ ስለዚህ እሷ ሥራ አግኝታለች ተባለ፤ አገባችና ወደ ገጠር ገባች።

ኦቦ ድሪባን ባኮ አንድ ጊዜ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። በቆሎ ውስጥ ነበሩ፤ ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃሉ። ሌላው ጠባቂ ሁሉ ይጮኻል፣ እሳቸው ብቻ አይጮኹም። «ሥራ አገኙ» አልኳቸው። በሹክሹክታ «ይኸው» አሉ፤ እጃቸውንም ዘርግተው እርሻውን አሳዩኝ። ደህና ይመስሉ ነበር። ስሄድ አዴ በሊሉ ከኋላዬ ተከትለው መጥተው፣ «ልጄን አልመለሰልኝም። ግን የሞተ ቀን እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው» አሉኝ።

ዘምዘም መርዶውን ባመጣችልኝ በማግሥቱ ማልጄ ተሳፍሬ ባኮ ወረድኩ። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት ወደቀ። ከጦሩ የተበተኑ ወታደሮች መንገዱን ይዘው በእግራቸው ወደ ምሥራቅ ይተማሉ፤ በየከተማው ዳር የቆሙ ሴቶች በወታደሮቹ መሀል ስም ይጣራሉ። ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ ጆሮዬን በመዳፌ ደፍኜ ነው የሄድኩት።

አገሩ እንደሚያዝዘው፣ ለቅሶ ቤቱ ሲታየኝ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ስማቸውን እየጠራሁ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴት ከበሩ ሮጣ መጥታ በመዳፏ አፌን ያዘችኝ።

«አትጥሪ!» አለችኝ። «አዴ ከልክላለች።»

ገባሁ። ድንኳኑ ሰው ሞልቷል፤ ግን የማንም ድምፅ አይሰማም። ሰዉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ያለቅሳል። ሲቀበሩም እንዲሁ እንደነበር ነገሩኝ፤ አስለቃሽ የለም፣ ሙሾ የለም፣ ስም የለም። ከካህኑ በቀር ማንም አፉን አልከፈተም።

አዴ በሊሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። አርጅተዋል። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ። ዝም ብሎ ከማልቀስ የከበደ ነገር እንደሌለ የዚያን ቀን አወቅሁ።

«አዴ» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ «ሰው ካረፈ አይመልስም ብለውኝ ነበር።»

«ለእኔም ብሎኛል።»

«ታዲያ ስማቸውን መጥራት ለምን ከለከሉ?»

ወደ መቃብሩ በኩል አዩ። «የማንንም ጥሪ እምቢ ብሎ አያውቅም» አሉ። «እስቲ ተዉት።»